የተኛ ውሃ በደለል ሲሞላ፦ በጣና ገባር ወንዞች ዳር ደለልን መለካትና የዓሣውን መኖሪያ ማትረፍ

ከጣና ሐይቅ በስተ ምሥራቅ ባለው በፎገራ ሜዳ ርብና ጉማራ የተባሉት ወንዞች ክረምት ላይ ከዳርቻቸው ሲወጡ ጎርፉ ወደ ጎን ይሰራጫል። ወንዙ ድሮ ይሄድባቸው በነበሩ ጎድጓዶች፣ በሜዳው ኩሬዎችና እንደ ወላላና ሸሸር ባሉ ረግረጎች ውስጥ ገብቶ ይተኛል። ሲተኛ ተሸክሞት የመጣውን አፈር ይለቃል። በየዓመቱ ጥቂት ሚሊ ሜትር ብቻ ሊሆን ይችላል። ነገር ግን አንድ ሜትር ጥልቀት የነበረው ኩሬ በዓመት 2 ሴ.ሜ ቢሞላ በ50 ዓመት ውስጥ ኩሬነቱ ያበቃል፤ ዓሣው ግን ያን ያህል አይቆይም፣ ከዚያ በጣም ቀድሞ ይጠፋል።

ብዙ ቦታ ሥራው የሚጀመረው በቁፋሮ ነው። እንዲህ ባይሆን እንመክራለን። ደለሉ በየት እንደሚገባና በምን ፍጥነት እንደሚከማች ሳይታወቅ የተቆፈረ ጉድጓድ በጥቂት ክረምት ተመልሶ ሊሞላ ይችላል፤ ጉልበቱም ገንዘቡም ይባክናል። ቢያንስ አንድ ክረምት ለመለካት ይዋል። ዋጋው ከቁፋሮው ጋር ሲነጻጸር ትንሽ ነው።

ደለሉ የሚቀመጥበት ሥርዓት

ጎርፉ ከወንዙ ወደ ተኛው ውሃ ሲገባ ፍጥነቱ በድንገት ይወድቃል። ከባዱ አሸዋ እዚያው መግቢያው ላይ ይራገፋል፤ ደቃቁ ደለል መሃል ድረስ ይሄዳል፤ ሸክላው ደግሞ ለቀናት ተንሳፍፎ እስከ ጥጉ ይደርሳል። ስለዚህ መጀመሪያ የሚዘጋው አፉ ነው። አሸዋው መግቢያው ላይ ደፍ ይሠራል፤ ደፉ ከፍ ባለ ቁጥር ውስጡ ከወንዙ ጋር የሚገናኝበት ቀን ያጥራል። ከውጭ የሚያይ ሰው ውሃ ስላለ ደህና ይመስለዋል፤ ዓሣው ግን መውጫ አጥቶ ተከርችሟል።

ሌላው መታወቅ ያለበት ጊዜው ነው። በጣና ተፋሰስ ወንዞቹ በተመሳሳይ የውሃ መጠን ሲለኩ በክረምቱ መጀመሪያ የሚሸከሙት አፈር በመጨረሻው ከሚሸከሙት እጅግ ይበልጣል። በሰኔ መጨረሻና በሐምሌ ማሳው ገና ታርሶ ባዶውን ነው፤ በነሐሴ አጋማሽ ሰብሉ መሬቱን መሸፈን ይጀምራል። በመስከረም ብቻ ናሙና የወሰደ ሰው ችግሩን አሳንሶ ያያል።

ዘንጎቹን መትከል

የሚከማቸው ደለል የሚለካው መሬት ውስጥ በተተከለ የብረት ዘንግ ነው፤ ደለል ሲከማች ከላይ የሚታየው የዘንጉ ርዝመት ያጥራል። ለዚህ ባለ 12 ሚ.ሜ ፌሮ ይገዛ። አንዱ ዘንግ 12 ሜትር ስለሆነ በ2 ሜትር ሲቆረጥ ስድስት ይወጣዋል። ለአንድ ኩሬ 15 ዘንግ ይበቃል፦ ሦስት መስመር፣ በእያንዳንዱ አምስት። የመጀመሪያው መስመር ከመግቢያው አጠገብ፣ ሁለተኛው መሃል፣ ሦስተኛው ጥግ ላይ ይሁን። 1.5 ሜትር ወደ መሬት ይግባ፤ 50 ሴ.ሜ ከላይ ይቅር። የሚተከለው በሚያዝያ ወይም በግንቦት፣ ውሃው በጣም ዝቅ ባለበት ወቅት ነው።

ጥልቀቱ ያለ ምክንያት አልተመረጠም። የፎገራ መሬት አብዛኛው ዋልካ ነው፤ ሲደርቅ ይሰነጠቃል፣ ሲርስ ያብጣል። ከስንጥቁ በላይ የቆመ አጭር ዘንግ ከአፈሩ ጋር አብሮ ይነሳል ይወርዳል፤ ንባቡም ደለልን ሳይሆን የዋልካውን እብጠት የሚናገር ይሆናል። በዚሁ ምክንያት የሰኔውንና የኅዳሩን ንባብ ስታወዳድሩ አፈሩ በሁለቱም ጊዜ በተቀራራቢ እርጥበት ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ስንጥቅ ላይ የወደቀ ዘንግ ካለ ንባቡ ይመዝገብ፤ ከስሌት ግን ይውጣ።

በእያንዳንዱ ዘንግ ላይ አንድ ሮንዴላ (መሃሉ ቀዳዳ የሆነ ጠፍጣፋ የብረት ቀለበት) አጥልቁና መሬት ላይ ይረፍ። ቀዳዳው ከፌሮው በ3 ወይም በ4 ሚ.ሜ መስፋት አለበት፤ ጠባብ ከሆነ ዘንጉ ላይ ተይዞ ይቀራል። ጥቅሙ ትልቅ ነው፦ ጎርፉ መጀመሪያ አፈሩን ጠርጎ በኋላ አዲስ ቢጥል ሮንዴላው ከተጠረገው ወለል ጋር ይወርድና በአዲሱ ደለል ይቀበራል። ያለ ሮንዴላ የሚታየው የተጣራው ልዩነት ብቻ ነው፤ 3 ሴ.ሜ ተጠርጎ 3 ሴ.ሜ ቢመለስ “ምንም አልተለወጠም” ተብሎ ይጻፋል።

የዘንጉ ጫፍ በባዶ የሃይላንድ ጠርሙስ ይሸፈን፤ ከብትም ሰውም እንዳይወጋ። ሌላው አደጋ ስርቆት ነው። ፌሮ ዋጋ አለው፤ ያልተነገረው እረኛ ቢነቅለው አይፈረድበትም። ከመትከል በፊት ከቀበሌው መሬት አስተዳደር ፈቃድ ይያዝ፤ በአካባቢው የሚያሰማሩና የሚያሰግሩ ሰዎችም ተጠርተው ሥራው ይገለጽላቸው። ከእነሱ አንዱ ተከፍሎት ጠባቂም አንባቢም ቢሆን ደግሞ በጣም ጥሩ ነው፤ ጎርፉ መቼ እንደገባ በቀን የሚያውቀው እሱ ነው።

ንባቡ በሰኔ መጀመሪያና ውሃው ሲሸሽ በኅዳር ወይም በታኅሣሥ ይወሰዳል። የዘንጉ ዙሪያ በውሃ ሽክርክሪት ስለሚቦረቦር ሜትሩን እዚያው አታሳርፉ፤ ጠፍጣፋ እንጨት አጋድሙና ከዘንጉ 10 ሴ.ሜ ርቃችሁ በአራቱም በኩል ለክታችሁ አማካዩን ያዙ።

ሴራሚኩ፣ ማረጋገጫው

ከዘንጎቹ ጎን 30 በ30 ሴ.ሜ የሆነ የወለል ሴራሚክ፣ ሸካራው ጀርባ ወደ ላይ ሆኖ፣ ከመሬቱ እኩል ተደርጎ ይቀመጥ። ጎርፉ ሲያልፍ ላዩ ላይ የተጋገረው ጭቃ በስስ ቢላ ተፍቆ፣ ደርቆ ይመዘናል። ስፋቱ 0.09 ካሬ ሜትር ነው። ደረቁ 900 ግራም ከመዘነ በካሬ ሜትር 10 ኪሎ፣ በሄክታር 100 ቶን ማለት ነው። ዘንጉ ከፍታ ይሰጣል፣ ሴራሚኩ ክብደት ይሰጣል፤ ሁለቱ ካልተስማሙ አንዱ ተሳስቷል፣ ምክንያቱም ይፈለግ። ብዙ ጊዜ ጥፋቱ ከሴራሚኩ ነው፦ ከመሬት ከፍ ብሎ ከተቀመጠ ውሃው ያጥበዋል።

ለማነጻጸር የደለሉ ጥግግት ያስፈልጋል። 100 ሲሲ የሚይዝ ስለታማ ጠርዝ ያለው ቱቦ ወደ ደለሉ ተጭኖ ይወጣና በ105 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ለ24 ሰዓት ይደርቃል። 90 ግራም ከቀረ ጥግግቱ 0.9 ነው። ፀሐይ ላይ ማድረቅ አይበቃም፤ ሸክላ ውስጡ ውሃ ይዞ ስለሚቀር ክብደቱን ያበዛዋል። የአፈር ላቦራቶሪ ያለው ተቋም ይህንን በቀላሉ ይሠራል።

ስሌቱ ላይ የሚሠራው ስህተት

1 ሴ.ሜ ደለል በአንድ ሄክታር ላይ 100 ሜትር ኩብ ነው። ይህንን ሁሉም ያሰላል፤ ስህተቱ አማካይ አወሳሰዱ ላይ ነው። ለምሳሌ 3 ሄክታር በሆነ ኩሬ የመግቢያው መስመር 60 ሚ.ሜ፣ የመሃሉ 20 ሚ.ሜ፣ የጥጉ 8 ሚ.ሜ አነበበ እንበል። ሦስቱን ደምሮ ለሦስት ያካፈለ ሰው 29 ሚ.ሜ ገደማ ያገኝና 880 ሜትር ኩብ ገባ ይላል። ነገር ግን መግቢያው 0.2 ሄክታር ብቻ፣ መሃሉ 0.8፣ ጥጉ 2 ሄክታር ከሆነ እያንዳንዱ በስፋቱ ሲባዛ 120፣ 160 እና 160፣ በድምሩ 440 ሜትር ኩብ ነው። ግማሹ! 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ 55 ምልልስ ታቅዶ 28 ብቻ ያስፈልግ ነበር ማለት ነው። ስለዚህ ዘንጎቹ ሲተከሉ እያንዳንዱ መስመር የሚወክለው ስፋት በጂፒኤስ ተለክቶ ይመዝገብ።

የለስላሳው ጭቃ ውፍረት

ዘንግ የሚነግረው ወደፊት የሚመጣውን ነው። እስካሁን የተከማቸውን ለማወቅ በታንኳ እየተሄደ በየ10 ሜትሩ በሁለት ዘንግ ይለካል። የመጀመሪያው ጫፉ ላይ 20 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ቀላል የእንጨት ዲስክ አለው፤ ጭቃው ላይ ሲያርፍ የውሃውን ጥልቀት ይሰጣል። ሁለተኛው ሹል ነው፤ ጠንካራው የድሮ ወለል እስኪይዘው ይወርዳል። ልዩነቱ የለስላሳው ደለል ውፍረት ነው። ዲስኩ የብረት ከሆነ ከባድ ስለሆነ ፈሳሹን ጭቃ ሰንጥቆ ያልፋል፤ ውሃው በሐሰት ጥልቅ ይመስላል።

ውሃው ከቀን ወደ ቀን ስለሚወርድ ሁሉም ልኬት ከአንድ ቋሚ ምልክት ጋር መታሰር አለበት። ድልድይ ወይም ትልቅ ድንጋይ ላይ በቀለም ምልክት አድርጉና ግንበኞች በሚጠቀሙበት ግልጽ የውሃ ልክ ጎማ ከፍታውን ወደ ኩሬው አምጡ። ምልክቱ ካልተደረገ የዘንድሮውና የከርሞው ጥልቀት ሊወዳደር አይችልም።

ሹሉ ዘንግ ይዞት ከወጣው ጭቃ ትንሽ ወስዳችሁ በጣት እሹ፦ አሸዋ ይኮረኩራል፣ ደቃቅ ደለል እንደ ዱቄት ይለሰልሳል፣ ሸክላ ተጣብቆ ይድቦለቦላል። ቀለሙንና ሽታውንም አትለፉት። ጥቁርና የበሰበሰ እንቁላል የሚሸት ከሆነ ኦክስጅን ከወለሉ ጠፍቷል። በዚህ ጭቃ ውስጥ ቀያይ ትሎች ብቻ ከተገኙና ቀንድ አውጣና ሌሎች ነፍሳት ከሌሉ፣ ዓሣው የሚበላው ምግብ ጠፍቶ የቀረው እጥረቱን የሚችለው ብቻ ነው።

ዓሣው፣ ተክሉና ወፉ ላይ የሚያደርሰው

ከሁሉ የሚያሳስበን ቢልጫ የሚባለው ዓሣ ነው። ጣና ውስጥ 15 ያህል የቢልጫ ዝርያዎች አሉ፤ ከአንዱ በስተቀር ሁሉም በዓለም ላይ ከዚያ ሌላ አይገኙም። የተወሰኑት ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ወደ ጉማራ፣ ርብ፣ መገጭና ሌሎች ገባሮች ወጥተው ንጹሕ ጠጠር ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። ደቃቅ ደለል በጠጠሩ መካከል ያለውን ክፍተት ሲደፍነው ኦክስጅን የያዘው ውሃ አይዘልቅም፣ እንቁላሉም ይታፈናል። ከዚህ የተረፉት ጫጩቶች ወደ ወንዙ አፍና ወደ ተኙ ውሃዎች ይወርዳሉ፤ እነዚህም ከተደፈኑ ዝርያው ሁለት ጊዜ ተመታ። በመረብ ብዛትና ዓሣን በብርብራ ዛፍ ፍሬ በመመረዝ የሚደርሰው ጉዳት ላይ ይህ ሲጨመር ምን ያህል እንደሚከብድ ለማሰብ አያዳግትም።

ጠጠሩን ለመፈተሽ ከላይኛው ወንዝ ገና ያልተደፈነ ቦታ ምረጡ። ከዚያና ከተጠረጠረው ቦታ በእኩል ባልዲ ጠጠር ወስዳችሁ በ2 ሚ.ሜ ወንፊት ንፉ፤ ያለፈውን ደቃቅ መዝናችሁ አወዳድሩ። በአካፋ ሲወጣ ደቃቁ በውሃ ስለሚታጠብ ውሃውም አብሮ በባልዲው መውጣት አለበት። ይህ የሚደረገው በበጋ ነው፤ በመራቢያው ወቅት ጠጠሩን መርገጥ ራሱ እንቁላል ማጥፋት ነው።

በተኛው ውሃ ውስጥ ጥልቀቱ ሲቀንስ ውሃው ቀን ይሞቃል፣ ሌሊት ኦክስጅኑ ይወርዳል። ስለዚህ ኦክስጅን የሚለካው ጎህ ሲቀድ ነው፤ በ8 ሰዓት የተለካ ኦክስጅን ተክሎቹ ቀኑን ሙሉ የሠሩትን ስለሚጨምር ሁልጊዜ ያማረ ነው። ጎህ ላይ በሊትር ከ2 ሚ.ግ በታች ከወረደ ለአብዛኛው ዓሣ ጭንቅ ነው። አምባዛ ግን ከአየር መተንፈስ ስለሚችል ይኖራል። “አምባዛ ይያዛልና ኩሬው ጤነኛ ነው” የሚለው ክርክር ለዚህ አይሠራም፤ አምባዛ ብቻ የቀረበት ኩሬ ቢልጫና ቆሮሶ የተሸነፉበት ነው።

የውሃውን ጥራት ለማየት 20 ሴ.ሜ ስፋት ያለው ጥቁርና ነጭ የተቀባ ዲስክ በገመድ ይወርዳል፤ ከዓይን የሚጠፋበት ጥልቀት ይጻፋል። ብርሃን ለተክል የሚበቃው በግምት እስከዚህ ጥልቀት ሁለት እጥፍ ተኩል ነው። ዲስኩ በ15 ሴ.ሜ ከጠፋ ከ40 ሴ.ሜ በታች ሥር የሰደደ ተክል ብርሃን አያገኝም። የውስጥ ተክል ሲሞት ጭቃውን የሚይዝ ሥር የለም፤ ነፋሱ ያናውጠዋል፣ ውሃው ይብስ ይደፈርሳል። በደቃቁ ሸክላ ላይ ተጣብቆ የመጣው ፎስፈረስ ደግሞ ከላይ ለሚንሳፈፈው እምቦጭ ቀለብ ይሆናል።

ደለል ለሁሉም ጠላት አይደለም። ስስ ጭቃ በበጋ ለሚመጡ ስደተኛ ወፎች መመገቢያ ነው፤ ባሕር ሸሽ (ውሃው ሲሸሽ የሚገለጠው መሬት) ላይ ሽምብራና ጓያ የሚዘራው ገበሬም በእሱ ይኖራል። መጠበቅ ያለበት የጥልቀት ልዩነት ነው፦ ጥልቁም፣ መካከለኛውም፣ ስሱም በአንድ ቦታ ሲገኙ ብዙ ፍጥረት ያድራል። ከዳር እስከ ዳር 30 ሴ.ሜ የሆነ ዝርግ ውሃ ግን ለጥቂቶች ብቻ ነው።

ከላይ ጀምሮ መሥራት

መጀመሪያ ምንጩ ይያዝ። ከማሳ የሚመጣው በእርከን ይቀንሳል፤ የአፈር እርከን ግን በጥቂት ዓመታት ውስጥ ስለሚሞላ በየዓመቱ ካልተጠገነና ካልተደረበ ከንቱ ነው። ቦረቦር ላይ የሚሠራው ክትር አቀማመጡ የላይኛው ክትር ግርጌ ከታችኛው ክትር አናት ጋር እኩል እንዲሆን ነው። በዋልካ መሬት ክትር የሚፈርሰው ውሃው በጎኑና በሥሩ እየሰረሰረ ስለሚያልፍ ነው፤ ጎኖቹ ወደ ዳርቻው ቢያንስ ከ50 ሴ.ሜ እስከ አንድ ሜትር ይግቡ፣ ቀጥ ያለው ገደል ተጋድሞ የደሾ ወይም የቬቲቨር ሣር ይተከልበት። ቬቲቨር ከ10 እስከ 15 ሴ.ሜ ተራርቆ በመስመር ካልተተከለ አፈር አያጣራም። ውሃ የሚተኛበት ዳር ላይ የሚሻለው ደንገል ነው፤ ሥሩ ከነጉማጁ ይተከላል፣ እስኪይዝም ከብት አይግባበት።

ቀጥሎ መግቢያው። ከደፉ ውጭ ከወንዙ በኩል ትንሽ ገንዳ ይቆፈር፤ አሸዋው እዚያ ይራገፋል፣ በየሚያዝያው እሱ ብቻ ይጠረጋል። አሸዋው ለግንባታ ስለሚሸጥ ጠረጋው ወጪውን ሊችል ይችላል። ደፉን ራሱን ስትነኩ ተጠንቀቁ። “ዓሣ እንዲገባ” ተብሎ ከኩሬው ወለል በታች የተቆረጠ ደፍ በጥር ውሃውን ሁሉ ወደ ወንዙ መልሶ ያፈሰዋል። ሙሉ በሙሉ መዝጋትም ያው ጥፋት ነው፤ ደለሉ ይቆማል፣ ዓሣውም ይቆማል። ወላላና ሸሸር ከጎርፍ መከላከያ ክምርና ከመስኖ ጋር ተያይዞ ውሃ ያጡት ከወንዙ ጋር ያላቸው ግንኙነት ስለተቆረጠ ነው።

ቁፋሮው

ጊዜው መጋቢትና ሚያዝያ ነው። የደረቀ ጭቃ ይጠነክራል፣ ይቀንሳል፤ በአሜሪካው የሚሲሲፒ ወንዝ ላይኛው ክፍል ፑል 8 በሚባለው የወንዝ ክፍል እ.ኤ.አ. በ2001 እና በ2002 በጋ የውሃው ከፍታ ሆን ተብሎ ዝቅ እንዲል የተደረገው ለዚሁ ነበር፤ የተጋለጠው ጭቃ ሲጠነክር በውስጡ ተኝቶ የነበረው ዘር በቅሎ ረግረጉ አረንጓዴ ለብሷል። የእኛ ሜዳ በበጋ ራሱ ስለሚደርቅ ይህንን ዕድል ያለ ወጪ እናገኘዋለን። ነገር ግን የቀረውን ውሃ በሞተር ጨርሶ ማውጣት ለዓሣው ሞት ነው፤ በሚያዝያ 1.5 ሜትር የሚይዝ አንድ ጥልቅ ቦታ ቢያንስ ይቅር።

ሁሉንም እኩል አትቆፍሩ። ከጠቅላላው ስፋት ጥቂቱ ብቻ፣ በተለይ መሃሉ፣ ከ1.5 እስከ 2 ሜትር ይጥለቅ፤ ዳሩ እንዳለ ይቆይ። ተዳፋቱ በእያንዳንዱ ሜትር ጥልቀት 3 ሜትር ወደ ጎን ይሁን፤ ቀጥ ያለ ገደል ይናዳል፣ የገባበት ጥጃም ልጅም መውጫ ያጣል። የወጣው ጭቃ ወንዙ ዳር ከተከመረ ቀጣዩ ጎርፍ መልሶ ያስገባዋል፤ ጎርፍ የማይደርስበት ቦታ ይወሰድ። ለማሳ ይጠቅማል፤ ጥቁሩ ግን አንድ በጋ አየር ሳያገኝ አይበተን።

እምቦጭ ያለበትን ጭቃ ንጹሕ ወደሆነ ኩሬ ወይም ቦይ አታጓጉዙ። ዘሩ ጭቃ ውስጥ ለዓመታት ሳይሞት ይቆያል፤ ተገልብጦ ብርሃን ሲያገኝ ይበቅላል። አካፋው፣ ጎማው፣ ታንኳውና የኤክስካቫተሩ ሰንሰለት ከቦታው ሳይለቁ ይታጠቡ፤ ከቁፋሮው በኋላም እስከ ኅዳር በየሁለት ሳምንቱ እየተዞረ ችግኙ በእጅ ይነቀል።

የሚሠሩት ሰዎች ረጅም የጎማ ቡት ያድርጉ፤ በጣና ዳርቻ ብልሃርዝያ አለ፣ አልቅትም አይጠፋም። በወንዞቹ አፍ አካባቢ ጎህ ላይ ኦክስጅን የሚለካ ሰው ብቻውን አይሂድ፤ ጉማሬ ሌሊት ከግጦሽ ወደ ውሃው የሚመለሰው በዚያ ሰዓት ስለሆነ በውሃውና በእሱ መካከል መቆም አያስፈልግም። ቁፋሮው ሲያልቅ የተነሱት ዘንጎች በሰኔ ጎርፉ ሳይመጣ በአዲሱ ወለል ላይ እንደገና ይተከሉ፣ የመጀመሪያው ንባብም በዚያው ቀን ይጻፍ።